ውስጡን ለቄስ

«ውስጡን ለቄስ» የምትል አባባል አለችን። ላዩ አምሮ ውስጡ የሚያጠራጥር ነገር ሲገጥመን እንላታለን። ስንጥቁ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ግድግዳ፣ በሰው ፊት የሚሳሳቁ ባልና ሚስት፣ ሱፉ አምሮ ኪሱ የተራቆተ ጎረምሳ፤ ሁሉንም «ላዩ ደኅና ነው፤ ውስጡን ለቄስ» ብለን እናልፋቸዋለን። አባባሏ ለፌዝ ትዋል እንጂ አንድ እምነት አዝላለች። ከላይ የማይታየውን የሚሰማ፣ ሰምቶም በአግባቡ የሚይዝ አንድ ሰው እንዳለ ታምናለች።

የዛሬ ከተሜ ግን ውስጡን የሰጠው ለቄስ ብቻ አይደለም። የጥርሱን ሥር ለሐኪም፣ የቤቱን መሠረት ለግንበኛ፣ የስልኩን ሆድ ለጠጋኝ፣ የመኪናውን አንጀት ለመካኒክ ሰጥቷል። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት እኛ በማናይበት ቦታ ነው፤ ብናይም አይገባንም። ሥራው ሲያልቅ ክዳኑ ይገጠማል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ሒሳቡ ይከፈላል። ደግ ይሁን ክፉ፣ የተሠራው ሥራ ውስጥ ቀረ። ለመሆኑ ማንም የማያየውን ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ሥራውን በትክክል እንዲሠራ የሚያስገድደው ምንድን ነው? እኛስ ውስጡን የማናይ ሰዎች ከመጠርጠር ሌላ ምን ድርሻ አለን?

ይህ ጥያቄ በደፈናው ሲጠየቅ ለስብከት ይመቻል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ይዤ ልነሣ፤ አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ። ከመኪና ክፍሎች ሁሉ እንደ እርሱ «ለቄስ» የተተወ ያለ አይመስለኝም። ማንዋሉ ካምቢዮ ቢያንስ ከሾፌሩ ጋር ይነጋገራል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ እግር ያውቃል፤ ማርሽ ሲገባ እጅ ይሰማል፤ ጥርሱ ሲፋጭ ጆሮ ይነግረናል። አውቶማቲኩ ግን ፍርዱን ሁሉ ወደ ሆዱ አስገብቶታል። ሾፌሩ «ዲ» ላይ ያደርግና ነዳጅ ይሰጣል፤ መቼ ወደ ሁለተኛ፣ መቼ ወደ ሦስተኛ እንደሚታለፍ የሚወሰነው በውስጥ ነው።

አሠራሩን በጥቂቱ ላስረዳ፤ ኋላ ለምናነሣው ነገር ያስፈልገናል። ሁለት ቬንቲሌተሮች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንደኛው ብቻ ቢበራ፣ ነፋሱ የጠፋውንም ያዞረዋል። በነፋሱ ፈንታ ዘይት ቢሆን፣ ሁለቱም በአንድ የብረት ዱባ ውስጥ ቢታሸጉ፣ መካኒኮች ኮንቨርተር የሚሉት ዕቃ ይሆናል። የሞተሩ ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚሻገረው በዚህ ዘይት በኩል ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ሄርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ያኔ የታሰበው ለመርከብ ነበር። ዘይትን መሸጋገሪያ አድርጎ ሙሉ በሙሉ በራሱ ማርሽ የሚቀይር ካምቢዮ በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1939 ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ይፋ ባደረገው ሃይድራማቲክ ነው።

ከኮንቨርተሩ በስተጀርባ መሐል ላይ እንደ ፀሐይ የተቀመጠ ጥርስ፣ በዙሪያው እንደ ፕላኔት የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጥርሶች፣ ሁሉንም የሚከብብ ትልቅ ቀለበት አለ። ማርሽ መቀየር ማለት ከእነዚህ አንዱን ይዞ ሌላውን መልቀቅ ነው። የሚይዙት ስስ የፍሪሲዮን ዲስኮች ናቸው፤ ዲስኮቹን የሚያጣብቃቸው ደግሞ ግፊት ያለው ዘይት ነው። ዘይቱን ወዴት እንደሚሄድ የሚያዘው ቫልቭ ቦዲ ይባላል። ሲከፈት የጉንዳን ቤት ይመስላል፤ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ ትንንሽ ስፕሪንጎች፣ እንደ ሽምብራ ፍሬ ያሉ የብረት ኳሶች። ኮምፒዩተር በሌላቸው አሮጌ ካምቢዮዎች ውስጥ በአንድ ወገን የመኪናው ፍጥነት፣ በሌላው ወገን የሾፌሩ እግር በዘይት ግፊት ይሟገታሉ። ያሸነፈው ቫልቩን ይገፋል፤ ማርሹም ይቀየራል። ችሎቱ ዝግ ነው። ሾፌሩ የሚሰማው ውሳኔውን ብቻ ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት ተቸግሬ ነው። ከአጎቴ የተላለፈችልኝ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ባለ 3 ማርሽ አውቶማቲክ ናት። በ2015 ዓ.ም. በጋ ላይ ጠዋት ጠዋት መለገም ጀመረች። «አር» ላይ ሳደርጋት ወዲያው ትይዛለች፤ «ዲ» ላይ ግን ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆማ ታስብና በድንገት ትፈናጠራለች። ወደ እንጦጦ ስትወጣ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን ጩኸቱን ያህል አትሄድም። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሳይፈታት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ «ካምቢዮው አልቋል፤ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ይገባላት» ተባልኩ። ሌላው ጋራዥ «ምንም አልሆነችም፤ ዘይት ብቻ ይቀየር» አለኝ። የመጀመሪያው ዋጋ ከሁለተኛው ብዙ እጥፍ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ሊያታልለኝ ፈልጎ ይሆናል፤ ሁለቱም የመሰላቸውን ተናግረውም ይሆናል። ችግሩ እኔ ልለይ አለመቻሌ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ጥርጣሬ የሚወለደው ከሰው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ከራስ አለማወቅም ይወለዳል።

ካዛንቺስ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው በአንድ የመኪና ኩባንያ ጋራዥ ውስጥ ሙያውን የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ጋሼ» እያልኩ ነው የምጠራቸው። ነገሩን ስነግራቸው መኪናዋን አስነሥተው «ዲ» እና «አር» ላይ እያፈራረቁ አዳመጡ። «የፊት ፍሪሲዮኑ ዘይት እያመለጠው ነው። ጎሚኒው ደርቋል» አሉ። «ግን ሳልፈታ አልምልልህም።» ከዚያም አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ዓይናቸው ስለደከመ እጁ የእኔ ይሆናል፤ እርሳቸው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ሥራው እኔ በምኖርበት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ባለው ግቢ ይሠራል፤ ክፍያቸውም ከመፈታቱ በፊት ይቆረጣል። «ከተፈታ በኋላ ዋጋ አይነገርም። ያኔ አንተ እጄ ላይ ነህ» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ውሎ አድሮ ነው።

ሥራው አራት ቅዳሜና እሑድ ወሰደ። መጀመሪያ ከሥሩ ያለው ኮፓ ወረደ። የካምቢዮ ዘይት ጤነኛ ሲሆን ቀይ ነው፤ የወጣው ግን የቡና አተላ ይመስላል፤ ሽታውም የተቃጠለ። ኮፓው ላይ ያለው ማግኔት የብረት ብናኝ ለብሶ ጢም አብቅሏል። ጋሼ በጣታቸው አሸት አሸት አድርገው «ብናኝ ነው፤ ስባሪ አይደለም። ጥርሶቹ ደኅና ናቸው» አሉ። ሁለቱ አክስሎች ተነቀሉ፤ ሞተሩ ከላይ በሰንሰለት ተያዘ፤ ካምቢዮው በክሪክ ወረደ። ከዚያ በኋላ ግቢያችን ከጋራዥ ይልቅ የቀዶ ሕክምና ክፍል መሰለ። እያንዳንዱ ዕቃ በወጣበት ተራ በጋዜጣ ላይ ይደረደራል፤ በቤንዚን ይታጠባል፤ በጨርቅ ግን አይወለወልም። ከጨርቅ የምትወድቅ አንዲት ክር በቫልቭ ቦዲው መተላለፊያ ውስጥ ከገባች ማርሽ ልታስር ትችላለች።

እዚህ ላይ ነው አንድ እንግዳ ነገር ያገኘነው። የዘይት ማጣሪያው ወንፊት ግማሹ በሲሊኮን ፍርፋሪ ተደፍኗል። ከእኛ በፊት ይህን ካምቢዮ የከፈተ ሰው አለ ማለት ነው። የኮፓውን ጓርኒሲዮን በመቀየር ፈንታ ሲሊኮን ለድፎበት ሄዷል። ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ሥራ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አታንጠባጥብም። ወደ ውስጥ የተረፈው ግን እየተቆረሰ ወድቆ፣ ለዓመታት ዘይቱን ሲያንቅ ኖሯል።

«ማን ይሆን እንዲህ ያደረገው?» አልኩ በንዴት።

«ስሙ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ ጋሼ። «ይልቅ ስንት ተከፍሎት ነበር ብለህ ጠይቅ። ደግሞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማን ራሱ ላይ ቆሞ ‹ቶሎ በል› ሲለው ነበር?»

ይህ መልስ የጥያቄውን ፊት አዞረብኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ መካኒኩ ኅሊና ብቻ ሳስብ ነበር። ጋሼ ግን ስለ ደንበኛው እጅ ጠየቁኝ። እኛ ደንበኞች ለሚታየው ነገር እንከፍላለን፤ ለማይታየው እንከራከራለን። አዲስ ጎማ በስንት እንደሚሸጥ እናውቃለን፤ የጎማው ዋጋ አያስቆጣንም። ብረት ውስጥ የሚቀበር፣ እንደ ጋብቻ ቀለበት ለሰፋ የጎሚኒ ክብ ዋጋ ሲጠየቅ፣ እሱን ለመግጠምም አንድ ሙሉ ቀን እንደሚፈጅ ሲነገረን ግን «ተበላሁ» እንላለን። ጎሚኒውን በእውነት የሚቀይረው መካኒክና ቀየርኩ ብሎ የሚዋሸው መካኒክ በእኛ ዓይን አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚያስከፍሉት ዋጋ ነው። እኛም ርካሹን እንመርጣለን።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ነገር ብቻ አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። አሜሪካኖች ውስጠ ብልሹ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። ገዢ ደጉን ከብልሹው መለየት ካልቻለ የሚከፍለው ለሁለቱም መካከለኛ የሆነ ዋጋ ነው። ያ ዋጋ ለብልሹው ባለቤት ትርፍ፣ ለደጉ ባለቤት ኪሳራ ስለሚሆን የደጉ ባለቤት ከገበያው ይወጣል። ሲቆይ ገበያው ለሎሚዎቹ ይቀራል። በዚህና በተያያዡ ሥራው አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በመኪናው ፈንታ መካኒኩን አስቀምጡት። ታማኙ ባለሙያ የሚጠፋው ሌቦች ስለበዙ ብቻ አይደለም፤ ታማኝነቱን የሚለይ ደንበኛ ስላጣም ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረታችን እውነት አለው። ሁሉን እኩል የሚጠረጥር ሰው ግን ታማኙንም ይመነጥራል።

ወደ ካምቢዮው ልመለስ። የፊት ፍሪሲዮኑ ሲፈታ ጋሼ እንደገመቱት ሆነ። ዲስኮቹ ጠቁረው ስስ ሆነዋል። የሚገፋቸው ፒስተን ላይ ያሉት ጎሚኒዎች በሙቀት ብዛት እንደ ደረቅ ቆዳ ጠንክረዋል፤ ስጫናቸው አይመለሱም። ጠዋት በቅዝቃዜ ዘይቱ በጎናቸው እያመለጠ መኪናዋን ያስለግማት የነበረው ይህ ነው። ሶማሌ ተራ ወርጄ ዲስክና ጎሚኒ ገዛሁ። ዲስኮቹን አንድ ሌሊት ዘይት ውስጥ ነከርናቸው፤ በደረቁ ከገቡ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላሉ። በዲስኮቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት በስስ የብረት ቅጠሎች፣ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ተለካ። ኮንቨርተሩ ብየድ ስለሆነ አይከፈትም፤ ጋሼ ንጹሕ ዘይት እየሞላን፣ እየናጥን፣ እየደፋን ስምንት ጊዜ አሳጠቡኝ። በሰባተኛው ላይ «አሁንስ ጠራ» ስላቸው «ለዓይንህ ጠራ» አሉኝ።

ከሁሉ የከበደው የፒስተኑ የውስጥ ጎሚኒ ነበር። እሱን ለማውጣት ጠንካራ ስፕሪንግ ተጭኖ ቀለበት መፈታት አለበት። ዲስኩ ብቻ ተቀይሮ ጎሚኒው ቢተው መኪናዋ ለጥቂት ወራት ደኅና ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ብትለግም ማንም ሰው ነገሩን ከሥራው ጋር አያያይዘውም። እጄ ዝሎ ነበርና ጋሼን አየት አደረግኳቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ አላይህም፤ ዓይኔ ደክሟል። አንተም ብትጨክን ትረሳዋለህ። የሚፈታው ሰው ግን ያየዋል።»

«ማን ነው የሚፈታው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ምናልባት ገና አልተወለደም።»

ጎሚኒው ተቀየረ። ቆይቼ ሳስበው፣ ስለ ኅሊና ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ የዚያ ቀን ንግግር ጥያቄዬን የመለሰልኝ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ጥያቄው እጅግ የቆየ ነው። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ወንድሙን ግላውኮንን ስለ አንድ እረኛ ያስተርከዋል። እረኛው በጣቱ ላይ ሲያዞረው ከሰው ዓይን የሚሰውር ቀለበት አገኘ። ቀለበቱን ይዞ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ንግሥቲቱን አባበለ፤ ንጉሡን ገደለ፤ መንግሥቱን ወረሰ። ግላውኮን የሚጠይቀው ይህን ነው፤ የማይታይ ሰው ጻድቅ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት አለ ወይ? አሮጌ ካምቢዮ የሚጠግን ሰው የዚያ ቀለበት ባለቤት ነው። ቀለበቱን በየቀኑ ያጠልቀዋል።

እንዲህ ያለውን ሰው የሚጠብቁት ዘበኞች እነማን ናቸው? የመጀመሪያው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። ይህን ዘበኛ አላቃልልም፤ ብዙ እጆችን ከስርቆት መልሷል። ዳሩ ግን ሰው ከፈጣሪው ጋር ድርድር ያውቅበታል። በሐሰት ያገኘውን በምጽዋት አጥባለሁ የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። ሁለተኛው ዘበኛ ሕግ ነው። ሕግ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፤ የታሸገ ዕቃ ማስረጃውን ውጦ ይቀመጣል። ከስምንት ወር በኋላ የደረቀ ጎሚኒ ይዞ ማን ፍርድ ቤት ይቆማል?

ሦስተኛው ዘበኛ የጎረቤት ዓይን ነው። ይህ ዘበኛ በከተማችን ለረጅም ጊዜ በደንብ ሠርቷል። ካዛንቺስ ስሟ የመጣው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉ ቤቶች ነው ይባላል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴ የሚሉት የጋራዥ ቃላትም የጣሊያን ናቸው። የሰፈሩም የሙያውም ስም ባዕድ ይሁን እንጂ፣ በሁለቱ ውስጥ ያደገው የመተማመን ሥርዓት የራሳችን ነበር። መካኒኩ ጎረቤት ነው። ካታለለህ ነገ እድር ላይ ያገኝሃል። ድንኳን አብራችሁ ትተክላላችሁ። ልጁ ከልጅህ ጋር ይማራል። ስሙ ከተበላሸ ሌላ ስም የለውም።

ይህ ዘበኛ አሁን ተዳክሟል። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማቱ ነባሩ የካዛንቺስ ሰፈር አብዛኛው ፈርሶ፣ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች መንደሮች ተዛወረ። ከተማ መለወጡ አይቀርም፤ ጣሪያው የሚያፈስና ሽንት ቤት የሚጋራ ሰው አዲስ ቤት ማግኘቱን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ሰዎች ሲዛወሩ በማናቸውም መዝገብ ያልተጻፈ አንድ ንብረት ይበተናል፤ ማን ታማኝ እንደሆነ የሚያውቀው የሰፈር እውቀት። ጋሼም ከተዛወሩት አንዱ ናቸው። አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው ጥሩ ሰዎች መሆናቸውን ነግረውኛል። እኚህ ሽማግሌ በሰው ካምቢዮ ውስጥ ምን ትተው፣ ምን ቀይረው እንደኖሩ ግን ከእነርሱ መካከል የሚያውቅ የለም። ሃምሳ ዓመት የተጠራቀመ ስም በአይሱዙ አይጫንም።

የጎረቤት ዓይንን ስናወድስ ግን ጉድለቱንም አንርሳ። የሚጠብቀው የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ፣ መንገድ ላይ መኪናው የቆመበት መንገደኛ፣ የእድሩ አባል ያልሆነ ሁሉ ከዚያ ዓይን ጥበቃ ውጭ ነበር። ለጎረቤቱ እጅግ ታማኝ የሆነ ሰው እንግዳን ሲገፍ ብዙ ጊዜ አይተናል። የማየው ሰው ስለሚያየኝ ብቻ ታማኝ ከሆንኩ፣ ታማኝነቴ እስከ ሰፈሬ ወሰን ነው።

የጋሼ ዘበኛ ከሦስቱም የተለየ ነው። «የሚፈታው ሰው» ጎረቤት አይደለም፤ ዳኛም አይደለም። ስሙን አላውቅም፤ ስሜን አያውቅም። ምናልባት እኔ ከሞትኩ በኋላ ይመጣል። ከእኔ ጋር የሚያገናኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሠራሁትን ሲያይ ይገባዋል። ደንበኛው የማያየውን እርሱ በአንድ አፍታ ያየዋል። እኛም ያንን ሲሊኮን ያየነው እንዲሁ ነው። ማንም አያየኝም ብሎ የለደፈው ሰው፣ ቂርቆስ ግቢ ውስጥ አንድ ሽማግሌና አንድ ጸሐፊ በጋዜጣ ላይ ዘርግተው እንደሚያዩት አላሰበም። የተሰወረ ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ ገና ያልተከፈተ ሥራ ነው ያለው። አባቶች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

አንባቢ «ካልተፈታስ?» ይለኝ ይሆናል። መኪናው ተገልብጦ ወይም አርጅቶ ቁራሊዮ ቢገባ፣ የሚፈታው ሰው ጨርሶ ባይመጣስ? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የምመልሰው እንዲህ ነው። ያን ጊዜም አንድ ነገር ይቀራል፤ ዘይቱ። ዘይት በወሬ አይታለልም። ጎሚኒው ደኅና ከሆነ ይጫናል፤ ካልሆነ ያመልጣል። ሚስቱ ምጥ ይዟት በሌሊት ዳገት የሚወጣ ሰው የሚደገፈው መካኒኩ በተናገረው ቃል ላይ ሳይሆን በቀየረው ወይም ባልቀየረው ጎሚኒ ላይ ነው። ያ ሰው መካኒኩን አያውቀውም፤ መካኒኩ ግን ለእርሱ ሠርቷል ወይም በእርሱ ላይ ሠርቷል። የሚፈታውን ሰው በሐሳብ ማስቀመጥ የሚጠቅመው፣ ይህን በመካከል ያለውን ሰው እንዳንረሳ ስለሚያደርግ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ዓይነቱን ክብር ከባለሙያ ለመጠየቅ እኛ መጀመሪያ ክብሩን መስጠት አለብን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። በዚያው ዓመት ነው አዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ያየችው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። መኪናውን ወደነዋል፤ የጠጋኙን እጅ ግን ገና በሙሉ ልብ አላከበርነውም። ልጃችን ትምህርት ሲከብደው «ጋራዥ ይግባ» እንላለን፤ ጋራዥ የሚገባው የወደቀ ልጅ ነው ማለታችን ነው። እንዲህ ብለን የላክነውን ልጅ ኋላ «ኅሊና የለህም» ብንለው የምናስገርም ሰዎች ነን። በሚናቅ ሙያ ውስጥ የሙያ ኩራትን ይዞ የሚኖር ሰው ካለ፣ በራሱ ብርታት እንጂ በእኛ እርዳታ አይደለም።

እንግዲህ ሁሉም ሰው ካምቢዮውን በግቢው ይፍታ እያልኩ ነው? አይደለም። ሰው የራሱን ጥርስ አይነቅልም፤ የሚውጠውን ክኒን አይቀምምም። ሁሉን ራሴ ካላየሁ የሚል ሰው ዕድሜው አይበቃውም። እነዚያ አራት ቅዳሜና እሑዶች የሰጡኝ ሌላ ነገር ነው፤ መልካም ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አወቅኩ። ከዚያ ወዲህ ባለሙያ ዋጋ ሲነግረኝ «ውድ ነው» ከማለቴ በፊት «ውስጡ ምን ምን አለው?» እላለሁ። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፤ ይህንንም እንደ ፖሊስ ሳይሆን እንደ ተማሪ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ግን ፊቱ ይበራል። በሥራው ውስጥ ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ነገር የሚጠይቀው ሰው አግኝቷልና ያስረዳል፤ ጊዜ ወስዶ ያስረዳል። ታማኙን ከሎሚው የምለይበት ከዚህ የተሻለ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

ይህ ሁሉ ያለፈበት ዕቃ ወሬ ሊመስል ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተነገረ። በኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ እኔ የተረክሁት ዓይነት ካምቢዮ የለም ማለት ይቻላል። ፀሐዩም ፕላኔቱም፣ ቀይ ዘይቱም ከጊዜ ጋር ከከተማችን ይጠፋሉ። ነገር ግን በምትካቸው የሚመጣው ዕቃ ይበልጥ የታሸገ ነው። ባትሪው ታሽጓል፤ አእምሮው በማይታይ ጽሑፍ ይሠራል፤ ሲፈታ በጋዜጣ ላይ የሚደረደር ጎሚኒ የለውም። ውስጡን ለሌላ ሰው የምንተውበት ዘመን ገና መጀመሩ ነው።

ስለዚህ አባባላችንን አንጥላት፤ እስከ መጨረሻዋ እንመናት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሰውን ውስጥ የሚሰማው ቄስ ራሱም የነፍስ አባት አለው፤ እርሱም በተራው ይናዘዛል። ያለዚያ «ውስጡን ለቄስ» ማለት ባዶ እምነት በሆነ ነበር። ግንበኛውም፣ ሐኪሙም፣ መካኒኩም፣ እንደ እኔ ማንም የማያጣራለትን ወሬ የሚጽፈውም ሰው፣ ሥራውን የሚናዘዝለት አንድ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ክዳኑን ነገ የሚከፍተው ነው። እርሱ እስኪመጣ ድረስ የእኛ የደንበኞቹ ድርሻ ለጎሚኒው መክፈል ነው።